ቃለ ጉባኤ

ተራ ቁጥር አራት፦ «የሌሊት ወፍ» የተባለው የምሽት ክበብ
ሰዓቱ ከስድስት ወደ አሥር እንዲሻገር፣ ለጣሪያውም ወንበር
ያቀረበው ማመልከቻ እንዲነበብ፤
ብዬ ጻፍኩ። ጸሐፊ ነኝ፤ የሰው አፍ እጽፋለሁ፣ የራሴን አልጨምር።
ቤቴ ከክበቡ ጀርባ ነው፤ አንድ ግድግዳ ለሁለት። ይሄ ግን በአጀንዳው አልነበር።

ካዛንቺስ፣ የወረዳው አዳራሽ፣ ሦስተኛ ፎቅ፤
ሊፍቱ ከፋሲካ ወዲህ አይሠራም፤ ሽማግሌዎቹ እስኪወጡ ስንጠብቅ
የታሸገው ውሃ ሞቀ፤
አንዱ የምክር ቤት አባል ስልኩን፣ ሌላው ጥርሱን ፋቀ።
ሰብሳቢዋ ወይዘሮ እልፍነሽ መነጽራቸውን ከግንባር ወደ አፍንጫ አወረዱ፤
«ባለጉዳይ ይግባ» ሲሉ፣ አመልካችም ተቃዋሚም በአንዲት በር ነጎዱ።

ባለቤቱ አቶ መክብብ፣ ክበብ ያለው መክብብ፣ ስምን መልአክ ያወጣዋል፤
የግብር ደረሰኛቸውን እንደ ካርታ ዘረጉት፤ ሱፋቸው ገና ሽቶ ሽቶ ይላል።
«ሃምሳ ሦስት ሠራተኛ አለኝ፤ ሃምሳ ሦስት የቤት ኪራይ፤
በዘጠኝ ሰዓት ከአውሮፕላን የወረደ እንግዳ፣ ኮርኒስ ቆጥሮ ይደር ወይ?»

መምህር ይትባረክ ተነሱ፤ የሒሳብ፣ ጡረተኛ፤
ደብተር ገለጡ፣ ሌሊቱን በደቂቃ የመዘገቡበት፣ ስድስት ወር እንደ ጌታው ያልተኛ።
«ጥቅምት ሦስት፣ ሰባት ከሩብ፦ የቁም ሣጥኔ በር በራሱ ተከፈተ።
ጥቅምት አራት፣ ስምንት ሰዓት፦ ብርጭቆ ከብርጭቆ ተጋጨ፤ የድመቴ ልብ ሸፈተ።
ጥቅምት አምስት፦ ጸጥታ።» ቀና አሉ። «ሰፈሩን ሙሉ መብራት ጠፍቶ ነበር።
ስለ ጠፋ መብራት ‹ተመስገን› ብዬ አላውቅም፣ ዕድሜዬን ስቆጥር።»
(ክበቡ የሚዘጋው በስድስት ነው።
አቶ መክብብን ሳል ያዛቸው።)

አንዱ አባል ስለ ሥነ ምግባር ረዥም ተናገረ፤
ሌላው «ድምፅ ማጉያ ከተነሳማ፣ በሰፈራችን ያሉት ሌሎች ድምፅ ማጉያዎችም...» ብሎ ጀመረ፤
አዳራሹ ቀዘቀዘ። ቀሪውን በውሃ ዋጠ።
ያልተባለ አይጻፍም፤ ብዕሬን አነሳሁ፤ ወረቀቱ ላይ ነጭ ቦታ ተቀመጠ።

ከበሩ ጥግ እጅ ወጣ፤ ከተናጋሪ ዝርዝር የሌለች ሴት፤
ማስተዋል፣ በክበቡ ደጅ የተቀቀለ እንቁላል ሻጭ፣ በባልዲ፣ በሚጥሚጣ፣ በትዕግሥት።
«እኔ ስለ ዘፈኑ አላውቅም። በስድስትም ይዘጋ በስምንት፣ ታክሲ የለም፤
እስከ አሥራ አንድ ባንኩ በረንዳ ላይ፣ ከዘበኛው ጋር አንድ ጋቢ ለሁለት፤ ሐሜቱም አይቀርም።
ወይ በሦስት ዝጉት፣ ወይ እስኪነጋ ተዉት።
እኔን የሚበላኝ መሐሉ ነው፤ እስቲ መሐሉን አስቡት።»

እዚህ ላይ ልጽፍ የነበረው፦ አምና ክረምት ክበቡ ሲታሸግ
አሥራ አራት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ፣ ያንን ድብ ድብ በጨለማ ስፈልግ፤
ምሕረት ከሄደች ወዲህ በዚያ ግድግዳ ሌላ የሚመታ የለም።
አንድ ሌሊት አንኳኳሁለት።
ቃለ ጉባኤ ለዚህ ዓምድ የለውም።

ውሳኔ፦ ሰዓቱ እስከ ስምንት፤ አምስት ድጋፍ፣ አራት ተቃውሞ፣ አንድ ድምፀ ተአቅቦ።
ጣሪያው ይቆይ፤ ግድግዳው በስፖንጅ ይለበጥ፤ በሦስት ወር ይታይ፣ ባለሙያ ተሰብስቦ።
አቶ መክብብ ደረሰኛቸውን ሰበሰቡ፤ መምህሩ ደብተራቸውን አጠፉ፤
ደረጃው ላይ «ስምንት?» አለች ማስተዋል። ሁለቱም ሳይመልሱ አለፉ።

ስፖንጁ በየትኛው ግድግዳ እንደሚለጠፍ ማንም አልጠየቀ።
እኔ አውቃለሁ። ፈረምኩ፤ ማኅተሙ ቀስ ብሎ ደረቀ።

ተራ ቁጥር አምስት፦ ልዩ ልዩ።
አልነበረም።